የወይዘሮ አራተኛ እርግዝና

ፈንዲሻ የሚሏት አፏ አንዴ ከጋለ ስለማይቆም ነው። ሚስጥር የነገራት ሰው ራሱ ያበደ ነው፤ "ሞቼ እገኛለሁ አልናገርም" ብላ በሩ ላይ ላገኘችው ሰው ትዘረግፈዋለች። ትምህርት ጨርሳ ውጤቷ እንደነገሩ ሲሆን እናቷ "እስቲ አጎትሽ ጋ ሁኚና አንድ ሙያ ልመጂ" ብላ ላከቻት። የለመደችው ሙያ ታዲያ ውሻ ማዋለድ ሆነ።

አጎቷ ውሻ አርቢ ነው። እነዚያን ፊታቸው ከግድግዳ ጋር የተጋጨ የሚመስሉትን፣ ዓይናቸው ፈጠጥ ያለውን፣ ሰው በየስልኩ "ወይኔ ሲያምሩ" የሚልላቸውን ደፍጣጣዎች ነው የሚያረባው። ማማራቸውስ ያምራሉ። ግን ጭንቅላታቸው ትልቅ፣ ዳሌያቸው ጠባብ ስለሆነ ራሳቸውን ችለው አይወልዱም፤ ሁሌም ኦፕራሲዮን ነው። እናትየው ከሰመመን ሳትነቃ ፈንዲሻ ቡችሎቹን እየተቀበለች፣ አፍና አፍንጫቸውን እየጠረገች፣ በፎጣ እያሸች እስትንፋስ ታስጀምራቸዋለች። በዚህ ደግሞ እጇ ጥሩ ነው፤ ሐኪሙ ራሱ መስክሮላታል።

ከውሾቹ አንጋፋዋ ወይዘሮ ነበረች። ስሙን ያወጣላት አጎቷ ነው፤ ሶፋው ላይ እግሯን አጣጥፋ፣ አገጯን ቀና አድርጋ እንግዳ ስትገመግም ላያት ሌላ ስም አይመጣም። ሦስት ጊዜ በኦፕራሲዮን ወልዳለች። በሦስተኛው ሐኪሙ ጓንቱን እያወለቀ "ማህፀኗ እንደ አሮጌ ጆንያ ሳስቷል። ከእንግዲህ ይብቃት። አራተኛ ካረገዘች እኔ ኃላፊነት አልወስድም" አለ። አጎቷም ራሱን ነቅንቆ "ይብቃት" አለ። ይህን ሲል ትልቋ ልጁ እዚያው ቆማ ነበር።

ልጁ መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው፤ ከሥራ ውጪ ያለውን ጊዜዋን ግን ለእንስሳት ደህንነት ማኅበር ሰጥታዋለች። አባቷ "ዓቃቤ ሕጓ" ይላታል። መጀመሪያ ቀልድ ነበር፤ አሁን ቤቱ ሁሉ የሚጠራት እንደዚያ ነው። ማኅበሯ ደፍጣጣ ውሾች ከውጭ አገር እንዳይገቡ ይከልከል ብሎ ሲጮኽ ከረመ። መተንፈስ አቅቷቸው በአውሮፕላን ሆድ ውስጥ የሞቱ ቡችሎችን ፎቶ ይዘው የማይሄዱበት ቢሮ አልነበረም።

አንድ ቀን ምሳ ላይ ዓቃቤ ሕጓ ፊቷ በርቶ ገባች።

"ጸደቀ" አለች፣ ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ። "ከእንግዲህ አንድም ደፍጣጣ በኤርፖርት አይገባም።"

"እንኳን ደስ አለሽ" አለ አባቷ ጉርሻውን እያላመጠ። "የአባትሽን እንጀራ ዘጋሽ።"

"አንተ ከውጭ አታስመጣም፤ ምንህ ተነካ?"

አፏን ሳትዘጋ ስልኩ ጠራ። ምሳው ሳያልቅ ደግሞ ጠራ። ከውጭ ያስመጡ የነበሩት ሰዎች ሁሉ ቡችላ ፍለጋ ወደ አገር ውስጥ አርቢ ዞረዋል፤ የተጠየቁትን ሊከፍሉ ነው። አጎቷ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደለጠፈ ዓይኑን ወደ ሶፋው አዞረ። ወይዘሮ እዚያ ናት። ከሚያረባቸው ሁሉ የሷን መልክ የሚያህል የለም።

"እንዳታስበው" አለች ልጁ።

"ምኑን?"

"ዓይንህን አየሁት። እንዳታስበው።"

"አንድ የመጨረሻ። ከዚያ በኋላ ጡረታ። ሐኪም ሁሌ ያስፈራራል፤ ካላስፈራራ ምኑን ሐኪም ሆነ?"

"ትሞታለች አባዬ።"

"ይሄን ገበያ ያመጣሽልኝ አንቺ አይደለሽ እንዴ? እኔ ነኝ ቢሮ ለቢሮ የዞርኩት?"

ዓቃቤ ሕጓ ምሳዋን ሳትበላ ወጣች። ፈንዲሻ ሳህን እያነሳች ዝም አለች። የሚያውቃት ሰው ልብ ብሎ ቢሆን ኖሮ ያኔ ይፈራ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሴቶቹ ውሾች ወንድ የሚፈልጉበትን ጊዜ የምትከታተለው ፈንዲሻ ናት። መኝታቸው ላይ ነጭ ጨርቅ ታነጥፋለች፤ ጠዋት ጠዋት ደም ያየች እንደሆነ ለአጎቷ ትነግረዋለች። እሱ ያቺን ውሻ ዕቃ ቤት ይቆልፍባታል፣ የአጥሩን ሥር በቆርቆሮ ይደፍናል፣ ቀኗ ሲደርስ የመረጠውን ወንድ ያስገባላታል። ስለዚህ አጎቷ የሚያውቀው ፈንዲሻ ስትነግረው ብቻ ነው።

እና አንድ ጠዋት የወይዘሮ ጨርቅ ላይ ደም አየች። ጨርቁን ጠቅልላ በበረኪና አጠበችውና ሌላ አነጠፈች።

"ወይዘሮስ?" አለ አጎቷ ከውጭ፣ ጥርሱን እየፋቀ።

"ምንም የለም ጋሼ። አርጅታ ይሆናል።"

በቃ፣ ይሄው ነው። ዓለም ላይ የደበቀችው የመጀመሪያው ሚስጥር። ጊዜው እስኪያልፍ ብቻ ነው፤ ከዚያ ወይዘሮ እስከሚቀጥለው ድረስ ትድናለች፤ እስከዚያ ደግሞ ገበያው ይረጋ ይሆናል። ዕቃ ቤት ልትቆልፍባት አትችልም፣ ይነቃባታል። ስለዚህ ከሥሯ አልለይ አለች። ልብስ ስታጥብ ወይዘሮ አጠገቧ፣ ስትተኛ ወይዘሮ እግሯ ሥር።

"ምን አዋደዳችሁ?" ይላል አጎቷ። "ልታገቢያት ነው?"

ቅዳሜ ግን ዓቃቤ ሕጓ መጣች። ማኅበሩ አደባባይ ላይ ድሉን ሊያከብር ነው፤ ሰው አንሷቸዋል።

"ነይ ፖስተር ያዢልኝ።"

"አልችልም እትዬ፣ ሥራ አለኝ።"

"ምን ሥራ? አፍሽ ለዛሬ ካልሆነ ለመቼ ነው? ላንድ ሰዓት ነው።"

ምክንያት አጣች። እውነቱን ልትነግራት አስባ ነበር፤ ግን ዓቃቤ ሕጓ ከአባቷ ጋር ስትጣላ የያዘችውን ሁሉ ፊቱ ላይ ነው የምትወረውረው። አጎቷ የደበቀችውን ካወቀ ደግሞ ወደ እናቷ መመለሷ ነው፤ የምትመለስበት ቤት ደግሞ አንድ ክፍል ነው፣ እሱም በእንጀራ አባቷና በሦስት ሕፃናት ተሞልቷል። ወይዘሮን ክፍሏ ውስጥ ዘግታ ሄደች። "ለፋሽን ሲባል ይታፈናሉ" የሚል ፖስተር ይዛ ፀሐይ ላይ ቆመች፤ አብራ ጮኸች፤ ከልቧም ነበር።

ስትመለስ አጎቷ በረንዳው ላይ እየሳቀ ጠበቃት።

"ዛሬ የሆነውን ብነግርሽ። ወይዘሮን ክፍልሽ ውስጥ ዘግተሽባት ስታለቅስ ለፀሐይ አወጣኋት። ትንሽ ቆይቼ ብወጣ ያ የጎረቤት ጋራዥ ውሻ፣ ሻምበል፣ በአጥሩ ሥር ገብቶ አጠገቧ ቆሟል። ያንን የሚያህል ፈረስ! በመጥረጊያ አባረርኩት። ባለ ጋራዡ ለውሻው ሚስት ቢፈልግለት ምን አለ?"

ፈንዲሻ ፖስተሩን እንደያዘች ቆማ ቀረች። ሻምበል ቆሞ ሲያዩት የሰው ወገብ ይደርሳል።

"ብዙ ቆዩ?"

"ማን?"

"አብረው... ብዙ ቆዩ ወይ?"

"እኔ ሰዓት ይዤ ነው የማባርረው? እሷ እንደሆነ ወንድ አልፈለገች፣ ምን ይሆናል ብለሽ ነው።"

ሰኞ ለሐኪሙ ደወለች። የሌላ ሰው ውሻ አስመስላ ጠየቀችው፤ ድምፅዋን ሳይቀር ወፍራም አድርጋ። ሐኪሙ ታግሶ አስረዳት። ቶሎ ከመጣች በመርፌ ማቋረጥ ይቻላል፣ ዋናው አለመዘግየት ነው፣ ባለቤቱ ግን አብሮ ይምጣ። ከዚያ "ፈንዲሻ አይደለሽም እንዴ?" ሲላት ዘጋችው።

ነገ እነግረዋለሁ አለች። በነጋው ደግሞ አጎቷ በደንበኛ ተናዶ ነበር። ከዚያ ወዲያ፣ ምናልባት አልያዘም ይሆናል፣ ብዙ ጊዜ አይይዝም አይደል፣ ያንን የሚያህል ውሻና ይቺን የምታህል ሴት እንዴት ሆኖ አለች። እንዲህ እንዲህ እያለች ሳምንት በሳምንት ላይ ተቆለለ።

ወይዘሮ ሆዷ መግፋት ጀመረ። አጎቷ አገላብጦ አያትና "ቁጭ ብሎ መብላት ነዋ" አለ። ስብ በዚህ ዘር ላይ ልብ ስለሚያስጨንቅ ምግቧን በግማሽ አስቀነሰባት። እንግዲህ ምግቡን የምትሰፍረው ፈንዲሻ ናት። እሱ ፊት ግማሽ ትሰፍራለች፤ እሱ ዞር ሲል ከራሷ ሳህን ትጨምርላታለች። ወይዘሮ በልታ ስትጨርስ እጇን ትልሳታለች። ፈንዲሻ ያኔ እጇን ሰብስባ ወደ ጓሮ ትሮጣለች።

ዓቃቤ ሕጓ ለረጅም ጊዜ ከአባቷ ጋር ተኳርፋ ቆይታ የመጣችው ወይዘሮ መራመድ ባቃታት ሰሞን ነው። ገባች፣ ሶፋውን አየች፣ ተንበርክካ ሆዷን ዳሰሰች። ጡቶቿ አብጠዋል። ዓቃቤ ሕጓ ምንም ሳትል ስልኳን አውጥታ ፎቶ አነሳቻት፤ ከፊት፣ ከጎን፣ ጠባሳዋን ሳይቀር።

"ይብቃት ብለህ ነበር" አለች ከዚያ።

አጎቷ ከበሩ አልፎ መግባት አልቻለም። "አላስረገዝኳትም። ከትናንት ጀምሮ እኔም ግራ ገብቶኛል። በእናትሽ አፈር አላስረገዝኳትም።"

"እናቴን ተዋት። ታዲያ ከሰማይ ወረደላት?"

"ልጄ፣ እኔ መቼ ነው የዋሸሁሽ? ላደርገው ብዬ ነበር፣ አልደብቅሽም። ግን ቀኗ አልመጣም። ፈንዲሻን ጠይቂያት።" ዞረ። "ንገሪያት እስቲ። ወንድ ፈልጋ ነበር?"

ሁለቱም አዩዋት። አጎቷ ዓይኑ ውስጥ ልመና ነበረ፤ ለምኖ የማያውቅ ሰው ነው።

"አላየሁም" አለች ፈንዲሻ።

"ይኸው" አለ።

"አሠልጥነሃታል" አለች ልጁ። "ጎበዝ።"

ወይዘሮ ያኔ ከሶፋው ለመውረድ ሞከረች። የፊት እግሮቿ ወለሉን ነኩ፣ የኋላዎቹ አልተከተሏትም፤ በጎኗ ወደቀች። ድዷ ነጭ ሆኗል። ጠቡ እዚያው ቀረ፤ አጎቷ አቅፏት ወደ መኪናው ሮጠ፤ ሁለቱ ከኋላው።

ሐኪሙ ጠረጴዛው ላይ እንዳስተኛት ሆዷን ጫን ጫን አደረገና ቀና አለ።

"ስንተኛ ሳምንቷ ነው? የማን ነው ጽንሱ? የራሷ ዘር ነው?"

"አላውቅም ዶክተር" አለ አጎቷ።

"አርቢ ሆነህ አላውቅም ማለት ምን ማለት ነው? ምን እንደማገኝ ሳላውቅ ነው የምከፍታት?"

"ይደብቃል" አለች ዓቃቤ ሕጓ።

ፈንዲሻ ከበሩ ጋር ተጣብቃ ቆማለች። "የሻምበል ነው" አለች። ማንም ያልሰማ መሰላትና ደገመችው። "የጋራዡ ውሻ ነው። ፖስተር የያዝን ቀን። ወንድ ፈልጋ ነበር፤ ጨርቁን አጥቤ ደበቅኩ። እንዳታረባት ብዬ ነው ጋሼ።"

ወይዘሮ ትተነፍሳለች፤ ገረር፣ ገረር። ሐኪሙ ለቁጣ ጊዜ አልነበረውም። "ቀኗ ገፍቷል ማለት ነው፤ ቡችሎቹ ከልኳ በላይ ናቸው" አለና ለረዳቱ ምልክት ሰጠ። "አንቺ እጅሽን ታጠቢና ነይ፤ ፎጣ ያዢ።"

ታጥባ ገባች። ሐኪሙ ሲከፍት የድሮው ስፌት ቀድሞ ተተርትሯል፤ ደሙ ሆዷን ሞልቶታል። ሁለት ቡችሎች ወጡ፣ አፍንጫቸው ረጃጅም፣ መዳፋቸው ወፋፍራም። ፈንዲሻ አሸቻቸው። አፋቸውን ጠረገች፣ ገለበጠች፣ ደግማ አሸች፤ እስትንፋስ አልመጣም። ሐኪሙ ሁለት ጊዜ "በቃ" አላት። ሦስተኛ ጊዜ ሲላት ለሷ አልነበረም፤ የወይዘሮን የሰመመን ቱቦ እየነቀለ ነበር።

ኮሪደሩ ላይ ዓቃቤ ሕጓ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ስልኳን ትነካካለች። ዓይኗ አብጧል። ፎቶው ወጥቷል፤ "ለአራተኛ ጊዜ አስረግዟት ገደላት" ይላል፣ ከአባቷ ስም ጋር። ሰው ሥሩ ላይ መርገም ጀምሯል።

"እትዬ፣ እሱ አይደለም እኮ። ሰምተሻል።"

"ሰምቻለሁ።"

"ፎቶውን አጥፊው ታዲያ።"

"አላጠፋውም። አንቺ ባትደብቂ ኖሮ አያደርገውም ነበር? ንገሪኝ። አያደርገውም ነበር?"

ፈንዲሻ በራሷ ስልክ ሥሩ ላይ ጻፈች፤ የደበቅኩት እኔ ነኝ፣ እሱ አያውቅም ብላ። ወዲያው መልስ ዘነበ። አንዱ "ስንት ከፈለሽ?" አላት። ሌላዋ "ይቺም አርቢ ናት" አለች። እሷ ደግሞ አርቢ አይደለሁም ብላ ልትጽፍ ጀመረችና ጣቷ ቆመ።

ወደ ቤት የተመለሱት ሁለቱ ናቸው፤ ዓቃቤ ሕጓ በእግሯ ሄደች። ወይዘሮ ከኋላ ወንበር ላይ በብርድ ልብስ ተጠቅልላለች። አጎቷ እየነዳ መንገዱን እንጂ ፈንዲሻን አላያትም።

"ብትነግሪኝ እቆልፍባት ነበር" አለ። "ሻምበል አያገኛትም ነበር።"

"ከዚያስ ጋሼ?"

የትራፊክ መብራት አስቆማቸው። አረንጓዴ ሆኖ ከኋላ ክላክስ እስኪነፋበት አልተንቀሳቀሰም።

"ከዚያ አረባት ነበር" አለ።

ግቢ ሲገቡ ሞተሩን አጥፍቶ መሪውን እንደያዘ ቀረ። ውሾቹ የመኪናውን ድምፅ ሰምተው በሩን ይቧጥጣሉ፤ ምሳ አልበሉም። ስልኩ ኪሱ ውስጥ ጠራ፤ ቡችላ ፈላጊ ይሁን ሊሰድበው የፈለገ አይታወቅም፤ አላነሳውም። ፈንዲሻ ጠበቀችው፣ ጠበቀችውና ወረደች። ባልዲውን አነሳች፣ ምግባቸውን ሰፈረች። እየተጋፉ፣ እያንኮራፉ፣ እግሯ ሥር ሲርመሰመሱ አንድ ቃል አልተናገረቻቸውም።