ቁም ሳጥን ውስጥ የተነፋ ትራምፔት

በክሊኒኩ ካርድ ክፍል አብረዋት የሚሠሩት «እትዬ ምናልባት» ይሏታል። ስልክ ከጮኸ ምናልባት ልጄ ወድቃ ይሆናል፤ ካልጮኸ ምናልባት መደወል አቅቷት ይሆናል። ቀኑን ሙሉ የበሽተኛ ካርድ ስታወጣና ስትመልስ የምትውል ሴት ሌላ ምን ታስብ? አንድ ልጇ አዳሪ የሙዚቃ ኮሌጅ ከገባች ወዲህ ደግሞ ባሰባት።

የዓመቱ መጨረሻ ፈተና የሚሰጥበት ቅዳሜ ዕለት ገና በጠዋቱ ኮሌጁ ደረሰች። ያለፈ ይቀጥላል፤ የወደቀ ፍራሹን ጠቅልሎ መኝታውን ያስረክባል። ልጅቷ የምትነፋው ትራምፔት ነው፤ የምትፈተነውም ራሷ በደረሰችው ዜማ።

ማደሪያው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። አራት አልጋ፣ አራት ቁም ሳጥን፣ መስኮቱ ላይ የተሰጣ ካልሲ። ልጅቷ የለችም። ቫዮሊን የምታጠናው የክፍል ጓደኛዋ ጸጉሯን እያበጠረች «ሜዳ ናት» አለች።

«የምን ሜዳ?»

«ኳስ ሜዳው ጋ። አስተማሪዋ ከክፍል ካስወጧት እኮ ሁለት ወር ሆናት።»

እናት ተፈናጥራ ወጣች። ተባራ ነው፤ ደብቃኝ ነው! «የፈሩት ይደርሳል፣ የፈሩት ይደርሳል» እያለች ደረጃውን እንዴት እንደወረደች አታውቀውም። የትራምፔት አስተማሪው፣ ሸበቶ ሰውዬ፣ ከአዳራሹ ደጃፍ ወንበር ሲያስገቡ አገኘቻቸው።

«ጌታዬ፣ ልጄ ምን አጠፋች? ካጠፋችም እኔን ይቆጡኝ።»

«የማን እናት ነዎት?»

«የዚያች ሜዳ ላይ የጣሏት።»

ሰውዬው ሳቁ። «አልጣልኳትም። ጣቶቿም ጆሮዋም የተመሰገኑ ናቸው። ድምጿ ግን ከትራምፔቱ ወጥቶ አንድ ክንድ አይሄድም ነበር። ሳንባዋን ያመማት መስሎኝ ሐኪም ዘንድ ላክኋት፤ ደህና ናት። በኋላ የማደሪያው ተቆጣጣሪ ነገረችኝ። ለካ ስትለማመድ ቁም ሳጥኑን ከፍታ፣ ራሷን ከልብሶቹ መሀል ከታ ነው የምትነፋው! እንዲህ ያለውን ጉድ ማን እንዳስተማራት እንጃ። እኔም ጣራ የሌለበት ቦታ ሄደሽ ንፊ አልኳት።»

ማን እንዳስተማራት እናት ታውቃለች። ከአምስት ዓመት በፊት ልጅቷ ትራምፔቱን ይዛ የመጣች ዕለት «ጎረቤት ይሰማል፤ አከራይዋ ያስወጡናል፤ ከዚያ ጎዳና ነው የምንወድቀው» ብላ የቁም ሳጥኑን በር የከፈተችው፣ ካፖርቶቹንም ግራና ቀኝ ገፍታ ቦታ ያበጀችላት እሷው ናት። አከራይዋ አንድም ቀን ተናግረው አያውቁም። ይህን ሳትናገር ወደ ሜዳው አመራች።

ልጅቷ ሜዳው ዳር ቆማለች። ከስታለች፣ ጸሐይ አጥቁሯታል፣ ከንፈሯ ላይ የትራምፔቱ አፍ ቀይ ክብ ትቶባታል።

«እማዬ! ምነው በጠዋቱ? ሰው ሞተ?»

«ይልቅ አንቺ ቁርስ በልተሻል? ከንፈርሽ ምን ሆነ? ምናልባት...»

«በሞቴ፣ ምናልባትን ለዛሬ ተያት። ነይ ስሚ።»

ከሜዳው ማዶ ወዳለው የመመገቢያ አዳራሽ ረጅም ግድግዳ ዞራ አጭር ዜማ ነፋችና ዝም አለች። ግድግዳው ዜማውን መለሰላት።

«እኔና እሱ ስናወራ ነው የከረምነው» አለች። «በፊት ይዘጋኝ ነበር፤ ከልቤ ስነፋ ጊዜ መለሰልኝ። ድርሰቴም ከዚያ መጣ። እጠይቃለሁ፣ እጠብቃለሁ፣ ከዚያ ለመልሱ መልስ እሰጣለሁ። አዳራሹ ውስጥ የሚመልስልኝ ስለሌለ ዝም ብዬ እጠብቃለሁ። ያኔ ረሳችው ብለሽ እንዳትጮኺብኝ!»

ፈተናው ሲጀመር እናት ፊተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጠች፤ ልጅቷ ራሷን ስታ ብትወድቅ ማን ያነሳታል? ተራዋ ደርሶ ልጅቷ መድረክ ወጣች፤ ትራምፔቱን ስታነሳ ዓይኗ ከእናቷ ዓይን ጋር ተገጣጠመ። እናት ሳታስበው ትከሻዋን ሰብስባ፣ መዳፏን ወደ ታች ዘቅዝቃ ነበር። በእነሱ ቤት ይህ «ቀስ በይ» ማለት ነው።

የወጣው ድምፅ ሁለተኛው ረድፍ የሚደርስ አልነበረም። ፈታኞቹ ለመስማት ወደፊት ዘንበል አሉ፤ አንዷ እስክሪብቶ አነሳች። ልጅቷ መሀል ላይ አቆመች። ግንባሯ በላብ ወርዝቷል።

«ይቅርታ፣ እንደገና ልጀምር?»

«አንድ ጊዜ ብቻ» አሉ አስተማሪው።

እናት ያኔ ገባት። እሷ እያየቻት ልጅቷ ድምፅ ማውጣት አይሆንላትም። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ አጠገቧ ካልሆንኩ አንድ ነገር ትሆናለች ስትል የኖረች ሴት ቦርሳዋን ብብቷ ስር ሸጎጠችና ተነሳች። የሰው እግር እየረገጠች፣ «ይቅርታ፣ ይቅርታ» እያለች ወጣች። በሩንም ከኋላዋ ዘጋችው።

ኮሪደሩ ጭር ብሏል። ለጥቂት ጊዜ ምንም አልተሰማም። ከዚያ ዜማው የተዘጋውን በር አልፎ መጣ፤ ወፍራም፣ ሙሉ፣ ማንንም የማያስፈቅድ። ቆመ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ቆጠረች። ዝም። «ረሳችው!» አለች አፏን በመሐረብ ይዛ። ተነግሯታል እኮ፤ ሆዷ ግን አላመነም። አራት ስትል ትራምፔቱ መለሰ፤ የኮሪደሩ መስታወት ነዘረ። እናት ባለችበት ቁጭ አለች።

ውጤቱ ከምሳ በኋላ ተለጠፈ። አልፋለች፤ ግን ካለፉት ከመጨረሻ ሁለተኛ ሆና። የመጀመሪያው ሙከራ ብዙ ነጥብ አስቆርጧታል።

«ለምን ወጣሽ?» አለች ልጅቷ፤ ደስ ቢላትም ቅር ብሏታል። «አሳፈርኳት ብዬ ነበር። በንዴት ነው የነፋሁት።»

እናት ሙቀቱ ነው ልትል ፈለገች፣ ራስ ምታት ነው ልትል ፈለገች። ተወችው። «እኔ እያለሁ አትነፊም፣ ልጄ። ያን ቁም ሳጥን የከፈትኩልሽ እኔ ነኝ።»

ልጅቷ ትራምፔቱን በልብሷ ጫፍ ወለወለች።

«በሚመጣው ዓመትም ፈተና አለ» አለች።

«እቀራለሁ።»

«አትቀሪም። ከኋላ ትቀመጫለሽ። በየዓመቱ አንድ አንድ ረድፍ አስጠጋሻለሁ።»

«አዳራሹ ስንት ረድፍ አለው?»

«አሥራ አራት።»

እናት አሰላችና «እንግዲህ ዕድሜ ይስጠኝ» አለች።