ሁለታችንም የጻፍነው ቬሎ

ከታናሽ እህቴ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ፣ ያውም አንድ ዴስክ ላይ የተቀመጥኩት በራሴ ጥፋት ነው። ባለፈው ዓመት በመልቀቂያ ፈተናው ሌላውን ትምህርት ሁሉ አልፌ በፈጠራ ጽሑፍ ወደቅኩ። የትምህርት ቤታችን ደንብ ደግሞ ምሕረት አያውቅም፤ በአንዱ የወደቀ ሁሉንም ይደግማል። እኔ ባለሁበት ቆሜ ቀረሁ፣ እሷ ከኋላዬ መጥታ ደረሰችብኝ።

እቤት ትንኝ ነው የምንላት። ትንሽ ናት፣ ቀጭን ናት፣ ዝም የምትልበት ደቂቃ የላትም፤ ሳህን ስታጥብም ስታጠናም ታንጎራጉራለች። እኔ "ትልቋ" ነኝ። ስሙ ድሮ ደስ ይለኝ ነበር። የክፍል ልጆች ሰምተውት "ትልቋ መጣች" ማለት ከጀመሩ ወዲህ ግን ጆሮዬ ይግላል።

የፈጠራ ጽሑፍ መምህራችንን ተማሪው ከጀርባቸው "ነጠላ ሰረዝ" ይላቸዋል። የማንም ወረቀት ላይ ሳያዩ አያልፏትም፤ ከጎደለች በቀይ እስክሪብቶ ያስገቡና "እዚህ ጋ ትንፋሽ" ብለው ይጽፋሉ።

"ፈተናው አንድ ሰዓት ተኩል ነው" አሉን በመጀመሪያው ቀን። "ርዕሱን የምታዩት በሩ ከተዘጋ በኋላ ነው። ለማሰብም ለመጻፍም አይበቃችሁም። ስለዚህ ሁለት ታሪክ አዘጋጅታችሁ ግቡ። ሰዎቹን እወቋቸው፣ ቤታቸውን እወቁት። ቃል በቃል ግን እንዳትሸመድዱ። የተሸመደደ ታሪክ ደረቅ ነው፤ ርዕስ ሲጫነው ይሰበራል።"

እኔ ስድስት አዘጋጀሁ። ስድስቱንም ሸመደድኩ።

ሰኞና ሐሙስ ልምምድ ነበር። እሳቸው ርዕስ ይሰጡናል፣ እኛ ካዘጋጀነው አንዱን ከርዕሱ ጋር እናስማማለን። አንድ ቀን "ስጦታ" አሉ። እኔ የያዝኩት ማዕበል ጀልባውን ስለገለበጠበት ዓሣ አጥማጅ ነበር። ተነስቼ አነበብኩ። ዓሣ አጥማጁ ሊሰምጥ ሲል አንድ ትልቅ ዓሣ ይይዛል፤ ሆዱን ሲቀደው ባማረ ወረቀት የተጠቀለለ ስጦታ ያገኛል።

"ወረቀቱ አልራሰም?" አለ ከኋላ አንዱ።

ክፍሉ አውካካ። ትንኝም ሳቀች፤ አፏን በእጇ አፍና፣ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ። የሌሎቹን ሳቅ ረስቼዋለሁ። የሷ ትከሻ ግን እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም።

ቀጥላ እሷ ተነሳች። ደብተሯ ላይ ሦስት መስመር ብቻ ነበር፣ አይቻለሁ። የቀረውን እዚያው ከአፏ እያወጣች ተናገረችው። ሃያ ዓመት ቆማ የሠራች የአውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ነበረች፤ ጡረታ በምትወጣበት ቀን አንዲት የዘወትር ተሳፋሪ ብድግ ብላ "ዛሬ እንኳ አንቺ ተቀመጪ" አለቻት። በቃ፣ ይኸው ነው ታሪኩ። መምህሩ የቀዩን እስክሪብቶ ክዳን ገጠሙት። ከሳቸው ዘንድ ከዚህ የበለጠ ምስጋና የለም።

የሩቅ ሰው ላይ መቅናት ይቀላል። እኔ የምቀናባትን ልጅ ጸጉር የምሠራላት እኔ ነኝ፤ ካልሲዬን የምታደርገው እሷ ናት፤ ስንተኛ እግሯ ሆዴ ላይ ነው። ጠልቼ የምሸሽበት ቦታ የለኝም።

ግን አንድ ታሪክ ነበረኝ።

አባዬ ልብስ ሰፊ ነው፤ የሚሠራውም በቤታችን የፊት ለፊት ክፍል ውስጥ ነው። አሥራ አንድ ዓመቴ ላይ፣ አንዲት ሙሽራ ቬሎዋን ልትወስድ ሁለት ሰዓት ሲቀራት፣ አባዬ ሲተኩሰው ካውያው አቃጠለበት። የእጅ መዳፍ የሚያህል፣ ያውም ፊት ለፊቱ ላይ። የዚያ ዓይነት ሳቲን የትም አይገኝም ነበር፣ ከአንድ ልብስ በቀር፦ እማዬ ያገባችበት ቬሎ። እማዬ ነርስ ናት፤ ያን ቀን ሥራ ላይ ነበረች። አባዬ እኔን ደጅ አቁሞ "ማንም እንዳይገባ" አለኝና ወደ ጓዳ ሄደ። ነጭ ነገር ታቅፎ ተመለሰ። በመቀስ ቆረጠው፣ የተቃጠለውን ፊት በሱ ተካው። ሙሽራዋ መጥታ ለካችው፣ መስታወቱ ፊት ዞር ዞር አለች፣ ደስ ብሏት ይዛው ሄደች። አባዬ "ለእናትሽ እንዳትነግሪ" አለኝ። ሰባት ዓመት ሙሉ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።

ይሄ የኔ ነበር። ትንኝ ያልደረሰችበት አንድ ነገር ቢኖረኝ ይሄ ነበር። ጻፍኩት፣ አምስት ጊዜ ገለበጥኩት፣ ፈተናው ሦስት ሳምንት ሲቀረው ለመምህሩ አስረከብኩ።

በሦስተኛው ቀን "አንድ ነገር ላንብብላችሁ፣ የጸሐፊውን ስም አልናገርም" አሉ። "ካውያው" የሚለውን ቃል ስሰማ ልቤ ዘለለ። ቀና ብዬ ተቀመጥኩ። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ግን የኔ አልነበረም። ሦስተኛውም።

ያ ታሪክ የሚጀምረው ከጓዳ ነው። ሰውየው ከአልጋ ሥር ሻንጣ ይጎትታል፤ ቁልፉ እንዳይጮህ በመዳፉ ያፍነዋል። አመሻሽ ላይ ሚስቱ የትራስ ልብስ ፍለጋ ሻንጣውን ትከፍታለች። ግማሽ ቬሎ ታገኛለች። ወለሉ ላይ ቁጭ ትላለች። የተቆረጠበትን ጠርዝ በጣቷ ትከተለዋለች፤ ቀጥ ያለ ነው፣ የባለሙያ እጅ። ከዚያ አጣጥፋ ትመልሰውና ወጥታ ባሏን "ሥራ እንዴት ዋለ?" ትለዋለች።

አንዲት ልጅ አፍንጫዋን ስትጠርግ ተሰማ። አጠገቤ ትንኝ አንገቷን ደፍታ ዴስኩን በጥፍሯ ትፍቃለች።

የኔ ታሪክ የሚያበቃው ሙሽራዋ ደስ ብሏት ስትሄድ ነው። ስለ እናቴ አንድ መስመር አልጻፍኩም። ትዝም አላለችኝ።

ደወሉ እንደተደወለ መምህራን ክፍል ሄድኩ።

"ቲቸር፣ ያነበቡት ታሪክ የኔ ነው። እህቴ ደብተሬን ሰርቃ አንብባ ነው።"

ደብተሬ ውስጥ ሻንጣ እንደሌለ አውቅ ነበር። እያወቅኩ ነው የተናገርኩት።

ከክምሩ የኔን ወረቀት ፈልገው አወጡና ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጧቸው። "ሁለት ተማሪ አንድ ታሪክ ይዞ ቢገባ ሁለቱም ዜሮ ነው የሚያገኙት" አሉ። ትንኝን አስጠሯት።

ትጮሃለች፣ ታለቅሳለች ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። "ታሪኩ የማን ነው?" ሲሏት መጀመሪያ እኔን አየችኝ።

"የሷ ነው" አለች።

"እርግጠኛ ነሽ?"

"የሷ ነው፣ ቲቸር። እኔ ሌላ እጽፋለሁ።"

አሸነፍኩ ማለት ነው። ለሦስት ቀን ትንኝ አላንጎራጎረችም። እማዬ ግንባሯን ዳስሳ "አሞሻል እንዴ?" አለቻት። በአራተኛው ቀን ልብስ ስናጥብ አላስችል አለኝ።

"ሻንጣውን ከየት አመጣሽው?"

"የቱን ሻንጣ?"

"አታውቂም አትበይኝ። እኔ እንኳ አላየሁትም፤ ደጅ ነበርኩ።"

የጨመቀችውን ሸሚዝ አራገፈች። "ኩፍኝ ይዞኝ አልነበር? አልጋው ላይ ነበርኩ። አባዬ የተኛሁ መስሎት ገባ። በኋላ ደግሞ እማዬ የትራስ ልብሴን ልትቀይር መጣች። እሷም የተኛሁ መስሏት።"

"እማዬ ታውቃለች?"

"ከዚያን ቀን ጀምሮ።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"አንቺስ ነግረሽኛል?"

ሰባት ዓመት አንድ ብርድ ልብስ ስንጓተት ኖረን፣ እኔ የደጁን፣ እሷ የጓዳውን ይዘን ተኝተናል።

በማግስቱ መምህሩ ጋ ተመለስኩ። "ቲቸር፣ ዋሽቻለሁ። አልሰረቀችኝም።"

"አውቃለሁ" አሉ። "ያንቺ ላይ ሻንጣ የለም።"

"ታዲያ ለምን ዝም አሉ?"

መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ይበልጥ ያመመኝም ለዚህ ነው። "እሷ በሁለት ሳምንት ሌላ መጻፍ ትችላለች" አሉኝ። "አንቺ ደግሞ ዘንድሮም ስትወድቂ ማየት አልፈለግኩም።"

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። እቤት ገብቼ የቬሎውን ታሪክ ወረቀት ትንኝ ጉያ ውስጥ ወረወርኩት።

"ውሰጂው። ያንቺ ነው።"

"አልፈልገውም። ሌላ ጀምሬያለሁ።"

"እኔም አልፈልገውም!"

"እና ምን ልትጽፊ ነው? ዓሣ አጥማጁን?"

ሳቄ አመለጠኝ፣ ወዲያው ተናደድኩ፣ ንዴቱ ሳይበርድልኝ ቁጭ ብዬ መጻፍ ጀመርኩ። ስድስቱን ታሪኮች ወዲያ ብዬ ለማንም ልናገረው የማልፈልገውን ነገር ያዝኩ፤ ክፍል የደገመች ልጅ፣ የመጀመሪያው ቀን። ሦስት ዓይነት አድርጌ ጻፍኩት፣ አንዱንም ግን አልሸመደድኩም።

ፈተናው ላይ የመጣው ርዕስ "ያልተጠበቀ እንግዳ" ነበር። የኔዋ ልጅ የክፍሉን በር ከፍታ ትቆማለች። ሁሉም ዞር ብሎ ያያታል። ታናሽ እህቷ ቦርሳዋን ከአጠገቧ አንስታ፣ አግዳሚውን በክንዷ ጠርጋ ቦታ ትለቅላታለች። ይሄ የሆነ ነገር ነው። የዚያን ቀን ስለጠረገችልኝ ጠምጃት ነበር። ስጽፈው ነው እንደገና ያየሁት።

ሰባ ስድስት አመጣሁ። አለፍኩ። ትንኝ ዘጠና አራት አመጣች፤ ከትምህርት ቤቱ አንደኛ። ቤተሰብ በተጠራበት ቀን አዳራሹ ውስጥ የሷን አስነበቧት። አንድ አሳንሰር ጠጋኝ በስህተት የአንዲትን አሮጊት በር ያንኳኳል፤ አሮጊቷ ስትጠብቀው የነበረው ልጇ መስሏት ታስገባዋለች፤ እሱም እውነቱን ለመናገር አይጨክንም፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ልጅ ሆኖላት ይቀመጣል።

ደስ አለኝ ብል ውሸት ነው። እጄ እስኪያመኝ አጨበጨብኩ፤ ግማሹ ለሷ ነበር፣ ግማሹ ፊቴ እንዳያጋልጠኝ። ከፊቴ የተቀመጠች ሴትዮ ዞር ብላ "እህትሽ ናት?" አለችኝ።

"ታናሼ ናት" አልኩ።

እናትና አባታችን ቀድመውን ሄዱ፣ እኛ ከኋላ ቀረን።

"መጨረሻው ረዝሟል" አልኳት።

"የቱ?"

"አሮጊቷ 'ደህና ሁን ልጄ' ካለችው በኋላ ያለው አንቀጽ። አያስፈልግም።"

"ያስፈልጋል! ልጇ እንዳልሆነ ማወቋ በምን ይታወቃል?"

"በር ላይ ኮቱን ስታቀብለው ኪሱ ውስጥ ያለውን መፍቻ ነክታዋለች አይደል? በቃ፣ አወቀች። ለምን ታብራሪዋለሽ?"

ቆመች። አሰበች። ማሰቧ እንዳይታወቅባት ፊቷን ቋጠረች።

"በሰባ ስድስትሽ እኔን ታርሚያለሽ?"

"አርማለሁ።"

"ሞክሪያ!"

እየተጨቃጨቅን ሰፈር ደረስን። ድምፃችን ከሩቅ ተሰምቶ ኖሮ እማዬ በር ከፍታ ወጣች። "ምን ሆናችሁ ነው?" አለች፣ ሁለታችንም እኩል አፋችንን ከፈትን።