የጎተራው መጽሐፍ የመጨረሻ ገጽ

በዕውቀቱ በግ ከታቢ ነበር። እዚያው ላይ ቢቆም ኖሮ ለበጎቹም ለእኛም ደግ ነበር። እሱ ግን ደራሲ ነኝ አለ። አስፈሪ ልብ ወለድ ጻፈ፤ ስሙንም «ደም የጠማው ጎተራ» አለው። መቶ አሥር ገጽ ሙሉ አንድ ጎተራ ሰው ይውጣል። መጀመሪያ ባለቤቱን፣ ቀጥሎ ሚስቱን፣ ቀጥሎ ነፍስ አባታቸውን። ገጽ ሰባ ላይ የሚዋጥ ሰው ሲያልቅበት አንድ መንገደኛ ከየት እንደመጣ ሳይነገረን ብቅ ይልና ይዋጣል።

ይህን ሁሉ የማውቀው ለማባዣ የሚሆነውን የሰም ወረቀት፣ ስቴንስሉን፣ በጽሕፈት መኪና የመታሁት እኔ አፈወርቅ ስለሆንኩ ነው። ዘመኑ ሰባ ሁለት ዓመተ ምሕረት ነው፤ መንዝ፣ ሞላሌ ላይ በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። የመሥሪያ ቤቱ ስም ይቅርባችሁ። አዲስ አበባ ያሉ አሳታሚዎች ጽሑፉን ሳይገልጡት መልሰውለታል፤ እነሱስ ብልሆች ናቸው። እሱ «በራሴ አሳትመዋለሁ» ብሎ እኔ ዘንድ መጣ። በራሴ ማለቱ በእኔ ጣት፣ በመንግሥት ወረቀትና በመንግሥት ማባዣ ማለቱ ነው። እምቢ እንዳልለው፣ በሽታ በግ በፈጀው ክረምት የእናቴን በጎች ያተረፈላት እሱ ነው። ይሉኝታ የማያሠራው ጉድ የለም። አለቃችን ለስብሰባ በወጣ ቁጥር እየተደበቅን በሁለት ወር ሃያ ቅጂ አወጣን። በመርፌና በክር የሰፋሁትም እኔው ነኝ።

የመጨረሻው ስቴንስል አብዛኛው ባዶ ቀረ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት የኔታ ወልደ ጻድቅ ዘንድ ነው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ብራና ላይ ሲጽፉ የኖሩ ቄስ ናቸው። መጽሐፍ ሲያልቅ መጨረሻው ላይ ምን እንደሚሰፍር ከእጃቸው አይቻለሁ። በዕውቀቱን ሳላማክር፣ ለፌዝ ያህል እንዲህ ብዬ መታሁ፦ «ይህን መጽሐፍ የሰረቀ፣ ተውሶ ያስቀረ፣ የፋቀ፣ በእሳት ያቃጠለ፣ በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ውጉዝ ይሁን።» ይህን ደግሞ ማን ይሰርቀዋል ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ።

በዕውቀቱ ለክትባት በሄደበት አገር ሁሉ መጽሐፉን ማዋስ ጀመረ። ተመልሶ ሲሄድ በጉን ትቶ ባለቤቱን ይመረምራል። ጥያቄው አንድ ብቻ ነው፤ «ፈራህ?»

ማንም አልፈራም። ዘመሮ ላይ ጫኔ የሚባል ቆዳ ነጋዴ «ጎተራው እየተንፏቀቀ በር ድረስ መጣ ትላለህ። ውሻው የት ሄዶ ነው? መንዝ ውስጥ ውሻ የሌለው ቤት አይተህ ታውቃለህ?» አለው። ቀየት ላይ አንድ አስተማሪ የመጀመሪያዎቹን ገጾች በቀይ እስክሪብቶ አርሞ ከአሥር ሦስት ሰጠው። እዚሁ ሞላሌ ገብስ የሚሸጡት እማማ ገበያነሽ፣ በዚያው ዓመት በመሠረተ ትምህርት ፊደል የቆጠሩት፣ ልጃቸው ያነበበላቸውን ያህል ሰምተው «ልጄ፣ ጎተራው ሙሉ ነው ትላለህ። ሙሉ ጎተራ ምን ያስፈራል? ባዶውን ብትጽፍልን በፈራን ነበር» አሉት። ከመጽሐፉ ውስጥ ይህን የሚያህል አንድ ብልህ ዓረፍተ ነገር አይገኝም።

ሰውዬው ከሳ። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞሮ «አንተስ? ስትመታው አልፈራህም?» አለኝ።

«ገና ስንት ገጽ ይቀረዋል ብዬ ፈርቻለሁ» አልኩት። አላዘንኩለትም።

ደብዳቤው የመጣው በዚያ ሰሞን ነው። ከላይ የተላከ ቡድን በስምንት ቀን ውስጥ የጽሕፈት መኪናዎችንና ማባዣዎችን ይመረምራል፤ ያለ ፈቃድ የተባዛ ወረቀት ከተገኘ ያባዛው ሰው ይጠየቃል ይላል። «ይጠየቃል» ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ አልነበረም። በአንዲት ገጽ ወረቀት ተወስደው ያልተመለሱ ሰዎች አውቃለሁ። እኔ ደግሞ መቶ አሥር ገጽ በሃያ ቅጂ! ስለ ጎተራ ነው ብል ማን ያምነኛል? «ሕዝብ የሚውጠው ጎተራ ማንን ለማለት ነው?» ነው የሚሉኝ። በዚያ ላይ የመኪናዬ «በ» አንድ እግሯ ተሰብሮ አንካሳ ናት፤ ከመሥሪያ ቤታችን ደብዳቤ የደረሰው ሁሉ ያውቃታል። መጽሐፉ ውስጥ ገጽ በገጽ ስታነክስ ለሚያያት ሰው ሌላ ምስክር አያስፈልገውም።

መጽሐፉን ልሰበስብ ወጣሁ። ጫኔ ለአማቹ አውሶታል፤ አማቹ ለጎረቤቱ። አስተማሪው «እዚህ አስቀምጬው ነበር» እያለ መደርደሪያውን ያያል። ሁሉም መጽሐፉን ይንቀዋል፣ ማንም አይመልሰውም፣ ከገጽ ሃያ ያለፈም የለም። እኔም እንደ እነሱ ነኝ፤ መጨረሻው ላይ የመታሁትን ረስቼዋለሁ። በሦስት ቀን ውስጥ የያዝኩት የእኔንና በዕውቀቱ ለክትባት ሲወጣ እኔ ዘንድ የተወውን ሁለት ቅጂ ብቻ ነበር። እህል አልበላ አለኝ።

በአራተኛው ቀን ገበያ ነበር። እማማ ገበያነሽ ገብሳቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል፤ መጽሐፉ ከጎናቸው ነው።

«እማማ፣ መጽሐፉን ይመልሱልኝ።»

«ምን አስቸኮለህ? በራሴ ዓይን አንድ ገጽ እንኳ ሳላነብ? ፊደል ያነሰበትን ልፈልግና አንብቤልህ ትወስደዋለህ።»

ከኋላ ገለጡ። አራት መስመር ብቻ ያለበት ገጽ አገኙና ደስ አላቸው። በጣታቸው እየተከተሉ፣ እንደተማሩት ጮክ ብለው ጀመሩ። «ተ... ው... ሶ... ያስ... ቀረ...» ጎረቤት የተቀመጡት ነጋዴዎች ጆሯቸውን ሰጡ። ቆዳ ሊሸጥ የመጣው ጫኔም ቆመ። «ው... ጉ... ዝ...»

እማማ እጃቸው ላይ እባብ ያዩ ያህል መጽሐፉን ወረወሩልኝ። አማተቡ። «ይህን ጉድ ነው ራስጌዬ አድርጌ የከረምኩት?»

ዞር ብል ጫኔ የለም። ቆዳውን ጥሎ ወደ አማቹ እየሮጠ ነበር።

በሁለት ቀን ውስጥ ሃያውም ሞሉ። ከቀየት አስተማሪው ራሱ ይዞ መጣ፤ ያ የተማረው፣ ከአሥር ሦስት የሰጠው፣ እርማቱም እንደ መፋቅ ይቆጠር እንደሆነ በሹክሹክታ ጠየቀኝ። አንዷ ሴት ዳሩን አይጥ የበላውን አመጣችና ግዝቱ አይጧን እንጂ እሷን እንዳይነካ ለመነች። ሞኞች፣ አልኩ በልቤ። ታይፒስት የቀለደውን ቀልድ ይፈራሉ።

አለቃችን ባልነበረበት ከሰዓት በኋላ ሃያውን ከጓሮ ከመርኩ። ላምባ አፈሰስኩ። ክብሪት ጫርኩ። ከላይ ያለው ቅጂ በፊቱ ተደፍቶ ነበር፤ ነፋስ ገለጠውና «በእሳት ያቃጠለ» የሚለው ፊት ለፊቴ መጣ። አንካሳዋ «በ» ራሷ። ክብሪቱ ጣቴን እስኪፈጀኝ ድረስ ያዝኩት። ሁለተኛ ጫርኩ፤ እሱም ጠፋ። የጻፍኩት እኔ ነኝ! በፌዝ ነው የጻፍኩት! እጄ ግን አልታዘዝ አለኝ። ቡድኑ በማግሥቱ ይገባል፣ እኔ ጓሮ ቆሜ በገዛ ራሴ አራት መስመር ታስሬያለሁ። ያን ቀን የናቅሁትን ያህል ራሴን ንቄ አላውቅም።

ሃያውን በጆንያ አድርጌ የኔታ ወልደ ጻድቅ ዘንድ ሄድኩ። ሁሉን ነገርኳቸው።

«ያወገዘው ማን ነው?» አሉ።

«እኔ።»

«አንተ ቄስ ነህ?»

«ታይፒስት ነኝ፣ የኔታ።»

«እንግዲያው ባዶ ቃል ነው። ሥልጣን የሌለው ሰው ግዝት አያስርም። ሂድ አቃጥለው።»

ክብሪቱን በሁለት እጄ አቀረብኩላቸው። «እንግዲያው እርስዎ ይለኩሱልኝ።»

የኔታ ክብሪቱን አዩት። ጆንያውንም አዩት። ቀስ ብለው እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱ።

«የሰው ልፋት ነው» አሉ፤ «ለምን ይቃጠላል።»

ላምባ ላምባ የሚሸተውን ጆንያ ያረጁ መጻሕፍት ከሚቀመጡበት የቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት አስገባነው። ቡድኑ መጣ፣ ማባዣውን አገላብጦ አየ፣ አንካሳዋን «በ» እንዳስጠግን አዝዞኝ ሄደ። በመንዝ ከተጻፈው ሁሉ የከፋው መጽሐፍ ዛሬም ከገድልና ከድርሳን ጋር ተኝቷል።

በዕውቀቱ በሳምንቱ መጣ። ለክትባት ግሼ ከርሞ ነበርና የሰማው ወሬውን ብቻ ነው፤ ሕዝቡ መጽሐፉን ቤቱ ማሳደር ፈርቶ ሃያውንም እየሮጠ መለሰ የሚለውን። ፊቱ በርቷል፣ አንገቱ ረዝሟል። ስለ መጨረሻው ገጽ አያውቅም። የእሱን ቅጂ እንኳ እስከ መጨረሻው አልገለጠውም።

ልነግረው አፌን ከፈትኩ። እውነቱን መናገር የሚያስደስተኝ ሰው ነኝ፣ በተለይ ሲያም።

«አንተስ?» አለኝ ቀድሞኝ። «አሁንስ ፈራህ?»

ጣቴን አየሁት። ክብሪቱ የፈጀኝ ቦታ ገና አልዳነም።

«ፈራሁ» አልኩት።

አቅፎ ሳመኝ። የትኛው ገጽ ላይ እንደሆነ አልጠየቀኝም።