አመድ ላይ የቀረ ዱካ

ጓንጉል ከሰቆጣ ወጣ ብሎ ባለው ጓሮው አምስት ቀፎ አለው። ጉንዳን እንዳይወጣባቸው ዙሪያቸውን አመድ ይነሰንሳል። ማክሰኞ ጠዋት አመዱ ላይ አራት የባዶ እግር ዱካዎች ነበሩ፤ አራቱም ከተረከዝ እስከ ጣት ሙሉ፣ ወገባቸው ያልሰረጎደ።

የማን እንደሆኑ ለማወቅ አልተቸገረም። በክረምት ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ጫማ ሲወለቅ እርጥብ እግር ድንጋዩ ላይ ይታተማል፤ እንዲህ ያለ ሙሉ ዱካ ትቶ ሲያልፍ ያየው የእህቱን ባል መንግሥቴን ብቻ ነው። ማሩ ስላልደረሰ ቀፎ አልከፈተም። ዱካው እንዳይጠፋም ወደ ቀፎዎቹ መግባት ተወ። መንግሥቴ መንገድ ላይ አግኝቶት ንቦቹ እንዴት እንደሆኑ ቢጠይቀው ያሾፈበት መሰለው። ሐሙስ እህቱን አልጣሽን አስጠርቶ ከሌባ ጋር አትኖሪም አላት። ሽማግሌ እስኪያየው ብላ ጓዟን ይዛ መጣች።

ቅዳሜ ቄስ ገብረ አምላክ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው መጡና ጎንበስ ብለው አመዱን ረጅም ጊዜ አዩ። ጓንጉል እስከ ማክሰኞ ድረስ ሁልጊዜ ማታ አመድ እንደሚነሰንስ፣ በማለዳም እንደ አባቱ ደንብ ጫማውን አውልቆ ቀፎዎቹን እንደሚያይ ነገራቸው።

"ማክሰኞስ ገብተህ ነበር?"

"አዎ አባ። ዱካውን ያየሁት ስወጣ ነው።"

"ታዲያ ያንተ ዱካ የታል? ወይስ እንደ ንቦችህ በርረህ ነው የምትገባው?"

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ጓንጉል አዲስ አመድ ረግጦ ዞሮ አየ፤ ሙሉ ነበር። በገመድ ሲለካ ከአራቱ ጋር እኩል ሆነ። ሽማግሌዎቹ አስጠርተው ያስረገጡት የመንግሥቴ ዱካ ግን በአንድ ጣት አጠረ።

ሰኞ ቤት ለቤት የምትዞረው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ትግስት ወሬውን ሰምታ መጣችና አቁማ እግሩን አየችው። ውስጥ እግሩ ጠፍጣፋ ስለሆነ ሲራመድ ቁርጭምጭሚቱ ወደ ውስጥ እንደሚያዘነብል፣ ረጅም መንገድ ባቱንና ተረከዙን የሚያደክመውም ለዚህ ሊሆን እንደሚችል፣ እንዲህ ያለ እግር ያለው ሰው ብዙ እንደሆነ ነገረችው።

"መንግሥቴ ነው የላከሽ?" አላት።

"አያ ጓንጉል፣ ጫማዎን ገልብጠው ይዩት።"

ገለበጠው። ሶሉ በውስጥ በኩል አልቆ፣ በውጭ በኩል አዲስ ነበር።

በማግስቱ አልጣሽን ይቅርታ ጠይቆ ራሱ ወደ ባሏ ቤት አደረሳት። ለሷ አንድ ሰዓት በሚበቃው ዳገት እሱ ሦስት ጊዜ ተቀምጦ አረፈ፤ የደረሱት በአንድ ሰዓት ከሃያ አምስት ደቂቃ ነው።