ወርቁን ያሳከከው መድኃኒት

ዘመቻ ሄዶ ታፋውን በጥይት የተመታው ሚሊሺያ ወርቁ፣ በ1981 ዓ.ም. ደብረ ታቦር ለቁስለኞች በተከፈተው ጊዜያዊ ሐኪም ቤት ተኝቶ በማሳከክ ሊያብድ ደርሷል። ሞርፊን በተወጋ ቁጥር ሕመሙ ጭልጥ ብሎ ይሄድና አፍንጫውን፣ ደረቱን፣ ጀርባውን ይበላዋል። ደም እስኪወጣ ያክካል።

እሸቴ ከአንበሳሜ ሊጠይቀው መጣ። የወርቁን ልጅ ዓለሚቱን ለወንድ ልጁ አጭቷል፤ ሠርጉም ለጥር ተቆርጧል። የያዘውን ዳቦ ሳያስቀምጥ ዓይኑ የወርቁ ጥፍር ላይ ቀረ። በዚያ አገር ልጅ ሲዳር ዘር ይቆጠራል። ከዘሩ ቁምጥና አለበት ከተባለ ልጅቷ ቆማ ቀረች ማለት ነው። ማሳከክ የቁምጥና መነሻ ነው ባይ ሞኝ ደግሞ መቼ ጠፍቶ!

እሸቴ በር ላይ ቁስል የሚያጥበውን ድሬሰር ሙላቴን ያዘው።

"እውነቱን ንገረኝ፣ ይሄ ነገር የዘር ነው?"

ሙላቴ አንገቱን ደፋ። "እኔ ምን ብዬ ልናገር? አበልጄ ነው።"

ወርቁ አልጋው ላይ ሆኖ ሰማ፤ ደነገጠም። ግን ዓለሚቱን ክርስትና ያነሳት ሙላቴ ነው። አላወቀ ይሆናል ብሎ አለፈው።

በሳምንቱ ከእሸቴ የተላከ ሽማግሌ መጥቶ እጮኝነቱን አፈረሰ።

ወርቁን የምታክመው ዶክተር ይህን ስትሰማ ጦፈች። "የምን ቁምጥና! ሞርፊኑ እኮ ነው። ሰውነትዎ ውስጥ የሚያርፍበት ቦታ አለው፤ እዚያ ሲያርፍ ሕመሙን ያስተኛል፣ ማሳከኩን ይቀሰቅሳል። ከቦታው የሚያስነሳው መድኃኒት አለ፤ በትንሹ ከተሰጠ ሕመሙን ሳይመልስ ማሳከኩን ያበርዳል። ለሙላቴ ገና በመጀመሪያው ቀን ነግሬው ነበር!"

ወርቁ ከትራሱ ቀና አለ። "እሸቴ ይጠራልኝ፤ በዓይኑ ይይ" አለ።

እሸቴ ተጠርቶ መጣ። ዶክተሯ ያንን መድኃኒት ለወርቁ በጉሉኮሱ መስመር ሰጠችው። ብዙም ሳይቆይ የወርቁ እጆች ደረቱ ላይ አረፉ። እሸቴ አየ፣ አመነ፣ ፊቱም ጠቆረ።

"ይቅር በለኝ፣ ወርቁ። ለሌላ ሰው ቃል ሰጥቻለሁ።"

"ለማን?"

እሸቴ ወደ አልጋው ግርጌ ተመለከተ። ሙላቴ መርፌ እንደያዘ ቆሟል።

"ለሱ ልጅ።"

"ክርስትና ያነሳሃትን!" አለ ወርቁ።

"አበልጄ፣ የኔም ልጅ እኮ ዕድሜዋ ሄደ" አለ ሙላቴ።

ዓለሚቱ ምሳ ይዛ የምትመጣበት ሰዓት ደርሷል። ስትገባ ሁልጊዜ መጀመሪያ የምትስመው የሙላቴን ጉልበት ነው።