የአርባ ሰው ወባ

ጋሽ ታከለ ወረቀቱን አንብበው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁና፣ «ይህን አልፈርምም» አሉ።

በ፲፱፻፷፫ ዓ.ም. በጥቅምት ነው። ፀጋዬ የሕክምና ትምህርቱን ሊፈጽም ጥቂት ወራት የቀሩት ተማሪ ሲሆን፣ ለገጠር ልምምድ በሸዋ ሮቢት ዳርቻ ካለች አንዲት ትንሽ ክሊኒክ ከተመደበ ሦስት ወር ሆኖታል። ባሕር ማዶ ተልኮ በውስጥ ደዌ ሕክምና ለመሠልጠን ሦስት ቦታ ተከፍቷል፤ አመልካቹ ግን አሥራ ዘጠኝ ነው። ከማመልከቻው ጋር ተማሪው በገጠር ሳለ የሠራው ጥናት እንዲያያዝ፣ ጥናቱም በክሊኒኩ ኃላፊ ፊርማና ማኅተም እንዲረጋገጥ ታዟል። ኃላፊው ደግሞ ድሬሰሩ ጋሽ ታከለ ናቸው፤ ከስድስተኛ ክፍል ያልዘለቁ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ቁስል ሲያጥቡና መርፌ ሲወጉ የኖሩ ሰው። ሁለቱ ከመጀመሪያው ቀን አልተዋደዱም። ፀጋዬ በሌሉበት «የፋሻው ሊቅ» ይላቸዋል፤ እሳቸውም ለበሽተኛ ሲያስተዋውቁት «እንግዳችን» ከማለት በቀር ሐኪም ብለውት አያውቁም።

ጥናቱ አጭር ነበር። ለአርባ የወባ ሕመምተኞች በሦስት ቀን ተውጦ የሚያልቅ አሥር አሥር የክሎሮኪን ክኒን ሰጠ፤ ከአርባው ሃያ ሦስቱ ወር ሳይሞላ እየተንቀጠቀጡ ተመለሱ። ስለዚህ የይፋት ቆላ ወባ ለመድኃኒቱ አልበገር ብሏል ሲል ደመደመ። ይህን ከእሱ በፊት የጻፈ እንደሌለ ያምን ስለነበር፣ ከሦስቱ ቦታ አንዱን ኪሱ እንደ ገባ ቆጥሮታል።

«ምኑ ነው የማይፈረመው?» አለ።

«ክኒኑን መስጠትህን አይቻለሁ። መዋጣቸውን ግን አላየሁም፤ አንተም አላየህም።»

«ከክሊኒክ ወስደው ሊጥሉት ነው?»

«አይጥሉትም። ተከተለኝ።»

ወደ ቀወት መንደሮች በሚወስደው መንገድ፣ በማሽላው መካከል ተጓዙ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ጋሽ ታከለ ጥላቸውን ዘርግተው ፊት ፊት ሄዱ፤ ና ተጠለል አላሉትም። ፀጋዬም ደብተሩን ራሱ ላይ ደፍቶ፣ ቂሙን እያመነዠከ ከኋላ ተከተለ።

እትዬ አስካለ የሚባሉ፣ ወባ ያጎሳቆላቸው ሴት ቤት ገቡ። ልጃቸው እመቤት በጥናቱ ላይ ሰባተኛዋ ሕመምተኛ ናት፤ መደብ ላይ ተኝታ ትቃትታለች። ጋሽ ታከለ ስለ ክኒኑ ሲጠይቋቸው፣ እትዬ አስካለ ምንም ሳይደብቁ የመቀነታቸውን ቋጠሮ ፈትተው አንዲት ፍሬ አሳዩ። ከአሥሩ አራቱን ለእመቤት ሰጥተዋል፤ ከሁሉ የባሰባት እሷ ናትና። ሁለቱን ማሽላ ሲጠብቅ አድሮ ትኩሳት ይዞት ለመጣው ባላቸው፣ ሁለቱን ለታናሽ ወንድሟ፣ አንዷን ለጎረቤታቸው ለሙሳ ሚስት አድርሰዋል። የቀረችው ቀጥሎ ለሚወድቀው ተቀምጣለች።

ፀጋዬ ደሙ ፈላ። አሥሩንም እሷ ብቻ ትዋጥ ብሎ እንደነበር አስታውሶ፣ ልጃቸውን በገዛ እጃቸው ሊገድሏት እንደሆነ ተናገራቸው።

እትዬ አስካለ አልደነገጡም። «ቤትሽ ስንት ሰው ታሟል ብለህ ጠይቀኸኛል? አንድ ስም ጽፈህ ሸኘኸኝ። አራት ሰው ሲንቀጠቀጥ እሷን ብቻ ላጉርሳት? ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል።»

ጋሽ ታከለም ለሴትየዋ አልራሩላቸውም። ክኒን እንጀራ እንዳልሆነ፣ ሲቆራረስ ማንንም እንደማያድን፣ ይህንንም አምና ነግረዋቸው እንደነበር እያስታወሱ ወቀሷቸው። ከዚያ ከቦርሳቸው ለታመሙት ሁሉ በየዕድሜያቸው ቆጥረው ሰጡ፤ የመጀመሪያውን ቀን ድርሻ እያንዳንዱ ውጦ አፉን ከፍቶ እስኪያሳይ ድረስም ከደጃፉ አልተነሡም።

ክሊኒክ ሲመለሱ ፀጋዬ ያየው አንድ ቤት ብቻ እንደሆነ ተከራከረ። ጋሽ ታከለም የቀሩትን ሠላሳ ዘጠኝ ቤቶች ሄዶ ይጠይቅ፣ ያገኘውን ይጻፍ፣ ያን ጊዜ እፈርማለሁ አሉ። ነገር ግን ማመልከቻው በጊዜው እንዲደርስ ከነገ ወዲያ ጧት ከደሴ ወደ አዲስ አበባ በሚያልፈው አውቶቡስ መሄድ አለበት። ቤቶቹ ደግሞ አንዱ ከወንዝ ማዶ፣ አንዱ ከደብረ ሲና ዳገት ሥር የተበተኑ ናቸው፤ በሁለት ቀን አይዳረሱም።

«አዲስ አበባ ያሉት መምህራን አስካለ ቤት ሊጠይቁ አይመጡም» አለ ፀጋዬ። «ፈርምና ተገላገል።»

«አንተ ማለት ጀመርክ? ይሁን።» ጋሽ ታከለ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «አላመኑህ እንደሆነ ትዋረዳለህ፤ እሱ ያንተ ጉዳይ ነው። ያመኑህ እንደሆነ ግን ይህን መድኃኒት ወደ ቆላ መላክ ይተዋሉ። አንተ ባሕር ማዶ ትቀመጣለህ፤ እኔ ለእመቤት ምን ልስጣት?»

ፀጋዬም እሳቸው ያለ ፈቃድ በየቤቱ እየዞሩ መርፌ እንደሚወጉ ለበላይ ሊጽፍ እንደሚችል ዛተ።

ጋሽ ታከለ ነጭ ወረቀትና ብዕር አንሥተው ከፊቱ አኖሩ። «ጻፍ። እሱ እውነት ስለሆነ እፈርምልሃለሁ።»

ጥቅምት አሥራ ስምንት ጧት ፀጋዬ ማኅተም የሌለውን ጥናት በፖስታ አሽጎ አውቶቡሱ ከሚቆምበት ቆመ። ኃላፊው ታመዋል የሚል ምክንያትም ጽፎበታል። ረዳቱ በመስኮት እጁን ዘርግቶ፣ ደብዳቤ ካለ ቶሎ አምጣ፣ ጣርማ በር ዳገት ላይ ጉም ሳይቀድመን አለው። ፀጋዬ ፖስታውን ይዞ ቀረ። መልካምነት ያዘው ማለት ሐሰት ይሆናል፤ ሽማግሌውን በዚያች ሰዓት ከምንጊዜውም አብልጦ ጠልቷቸው ነበር። ግን ለጥያቄያቸው ሁለት ሌሊት መልስ ፈልጎ አላገኘም። አውቶቡሱ አቧራውን አልብሶት ሄደ።

ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ቀን በእግሩ ዞረ። አንዳንዱ ቤት ውሻ ለቀቀበት፤ አንዳንዱ ክኒኑን ሊቀማ የመጣ መስሎት ዋሸው። በመጨረሻ የተገኘው ይህ ነበር፦ ካገረሸባቸው ሃያ ሦስት ሰዎች ሃያ አንዱ ክኒኑን ለቤተ ሰብና ለጎረቤት አካፍለዋል።

ጋሽ ታከለ አዲሱን ወረቀት ተቀብለው ወዲያው አልፈረሙም፤ ከዝርዝሩ ሦስት ቤት መርጠው ራሳቸው ሄደው ጠየቁ። ሲመለሱ ብዕራቸውን አነሡ።

ፀጋዬ አንገቱን ደፋ። «ጋሽ ታከለ፣ እርስዎን አስቸገርኩ። ቀኑን ብቻ ጥቅምት አሥራ ስምንት ይበሉልኝ። ፖስታው ዘገየ እላለሁ።»

ሽማግሌው ጥቅምት ሃያ ዘጠኝ ብለው ጻፉና ማኅተሙን በላዩ አሳረፉ።

«ጨካኝ ነዎት» አለ ፀጋዬ።

«ነኝ» አሉ፤ ማኅተሙን ጠርገው ወደ መሳቢያው መለሱ።

ፀጋዬ ሳያመሰግን ወጣ። ክፍሉ ገብቶ ማመልከቻውን እንደገና ከመጀመሪያው ጻፈ፤ የመጀመሪያውም ዓረፍተ ነገር፣ «የተወሰነው ቀን ማለፉን አውቃለሁ» የሚል ነበር። ምክንያቱን ሊጨምር ብዕሩን ቀለም ውስጥ ነከረ። ቀለሙ ብዕሩ ላይ ሲደርቅ፣ ምክንያት ሳይጨምር ስሙን ፈረመ።