የጋሼ ሽኩር «ሽ»

የሰውን ጉጉት ለማታለያ የሚጠቀም ነጋዴ ከተራ ሌባ ይከፋል፤ ሌባ ዕቃ ይወስዳል፣ እርሱ ግን እምነትንም አብሮ ይዘርፋል። እንዲህ ያለው ሰው በገዛ አንደበቱ እንደሚጠመድ ይህ ታሪክ ያስረዳል።

ያለምወርቅ የሠርግ ፎቶግራፍ አንሺ ናት። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ካሜራ ስትጠብቅ ኖራለች። ገና ሳይወጣ ስለ እርሱ የተጻፈውን ሁሉ አንብባለች፤ በደብዛዛ ብርሃን ያለ ፍላሽ እንደሚያነሳ፣ የሙሽራን ዓይን ተከትሎ እንደሚያነጣጥር፣ ምስል የሚቀመጥበት አንዱ ካርድ ቢበላሽ ሁለተኛው ምስሉን እንደሚያተርፍ ጠንቅቃ ታውቃለች። ከሁሉ በላይ የጓጓችው ግን ለ«ፉል ፍሬምነቱ» ነበር፤ ምስል የሚቀበለው ገጹ የድሮውን ፊልም ያህል ሰፊ ነውና። ሟች አባቷ የተዉላት የፊልም ዘመን ሌንስ በእርሷ አነስተኛ ካሜራ ላይ ሲገጠም ዳርና ዳሩ ይቆረጥባታል። በአዲሱ ካሜራ ግን አባቷ ያዩትን ያህል ልታይ ነው።

«በመጀመሪያው ጭነት ይገባልሻል፤ ቃሌ ነው» ያላት ሀምዳን የተባለ፣ ዱባይ ተራ በሚሉት ገበያ ኤሌክትሮኒክስ የሚሸጥ ነጋዴ ነበር። ለወራት ዛሬ ነገ እያለ አመላለሳት። በመጣች ቁጥር ከሱቁ ፊት ካለው ምሰሶ ተደግፋ፣ ከማዶ ያለውን የሱቅ ሰሌዳ በአባቷ ሌንስ ታይ ነበር። ሰሌዳው «ሽኩር ጨርቃጨርቅ» ይላል፤ በእርሷ ካሜራ ግን ሁልጊዜ «ኩር ጨርቃጨር» ብቻ ይታያል። «አንድ ቀን ሙሉውን አነበዋለሁ» ትል ነበር ለራሷ።

ልታነሳው የተቀጠረችበት የሉብና ሠርግ ሦስት ቀን ሲቀረው ሀምዳን ደወለ፤ «ገብቷል!» ያለምወርቅ እየሮጠች መጣች። መተዳደሪያዋን፣ ያቺን አሮጌ ካሜራ፣ ከቁጠባዋ ጋር በልዋጭ ሰጥታ ካርቶኑን ተረከበች። ቤቷ እስክትደርስ መታገሥ አልቻለችም። ከምሰሶው ተደግፋ የአባቷን ሌንስ ገጠመችና ዓይኗን አስጠጋች።

«ኩር ጨርቃጨር።»

ምናልባት የማስተካከያው ጉዳይ ነው ብላ መረመረች፤ አልነበረም። ሌንሱን ነቅላ ወደ ውስጥ ብታይ ገጹ ከአሮጌው ካሜራዋ አንዲት ፀጉር አይሰፋም። ካሜራው ላይ የተለጠፈውን ስያሜ በጥፍሯ ብትፍቀው ተልጦ መዳፏ ላይ ወደቀ፤ ከሥሩ የሌላ ካሜራ ስም ወጣ። ደሟ ፈላ።

«ሀምዳን! ይህ ፉል ፍሬም አይደለም!»

«እንዴት አይደለም? ባትሪ አለው፣ ቻርጀር አለው፣ ማንገቻ አለው። ከዚህ በላይ ፉል የት አለ?» አለ፣ ጎረቤቶቹ እንዲሰሙለት ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ፉል ካማረሽ ደግሞ እታች ቁርስ ቤት አለልሽ፤ በእንቁላል ያደርጉልሻል!»

ሱቆቹ በሳቅ አውካኩ። ያለምወርቅ ጆሮዋ ድረስ ጋለች።

«ካሜራዬን መልስ! እሑድ ሠርግ አለብኝ!»

«የተሸጠ ዕቃ አይመለስም። ገበያዬን አትዝጊብኝ፣ እህቴ።»

ባለ ሰሌዳው ጋሼ ሽኩር ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ ወጡ። በዚያ ሕንፃ ጠብ የሚዳኙት እርሳቸው ናቸው።

«ምንድን ነው ይሄ ሁሉ ጩኸት?»

«ጋሼ ሽኩር፣ እርስዎ ይፍረዱኝ» አለች፣ ሌንሱን መልሳ ገጥማ ካሜራውን እየዘረጋችላቸው። «ምሰሶው ጋ ይቁሙና የሱቅዎን ስም ያንብቡልኝ። ፉል ፍሬም ቢሆን ኖሮ ሙሉው ይታይ ነበር።»

ሽማግሌው አንድ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ኩር… ጨርቃጨር…» ካሜራውን ዝቅ አደረጉና ሰሌዳቸውን በባዶ ዓይናቸው አዩ። የተላጠውንም ስያሜ ከመዳፏ አንሥተው አገላበጡት። ከዚያ ወደ ሀምዳን ዞሩ። «አንተ! ፉል ማለት ሙሉ ማለት ከሆነ፣ የእኔ ሽ የት ገባች?»

ሱቆቹ ዳግም አውካኩ፤ አሁን ሳቁ በማን ላይ እንደሆነ ሀምዳን ገባው። «ጋሼ፣ እኔ እኮ… አምጪው ነው የሸወደኝ…» ብሎ ጀመረ፤ ነገር ግን ጋሼ ሽኩር ከባንኮኒው ሥር ቢፈትሹ የስያሜው ወረቀት በጥቅል ተገኘ። ሽማግሌው ከዚያ ወዲያ አንድም ቃል ሳያዳምጡት የወሰደውን ሁሉ እንዲመልስላት ፈረዱ።

ያለምወርቅ ካሜራዋንም ቁጠባዋንም በዚያው ሰዓት ተቀብላ ሄደች። ሠርጉን እንደ ወትሮው ዳሩ በተቆረጠ ምስል፣ ጥርሷን ነክሳ አነሳች።

ጋሼ ሽኩር ለሕግ ጠቁመው የሀምዳን ሱቅ በጠቡ ማግስት ታሸገ። ሌሎች አምስት ካሜራዎች የሐሰት ስያሜ ተለጥፎባቸው ተገኙ፤ የንግድ ፈቃዱ ተሰረዘ፤ ፍርድ ቤትም በማታለል ወንጀል የስምንት ወር እስራት ፈረደበት። በሕንፃው ውስጥ ዛሬ የሚጠራው «ፉል» በሚለው ስም ብቻ ነው።